ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ

ቅዳሜ ረፋዱን ከኢንዲያና ነድቶ፣
ባዶ ተጎታቹን ከኋላው ጎትቶ፣
ትሬንት የሚሉት ሰው ከደጄ ደረሰ፤
ጓንቱን አወለቀ፣ መነጽሩን አበሰ።

የጋራዡን መዝጊያ ወደ ላይ ስስበው
ከእኛ ቀድሞ ገብቶ ብርሃን ዳበሰው
ያን አረንጓዴ፣
ስምንት እጅ የቀባሁት፣ በራሴው ዘዴ፣
እየፈገፈግሁት በብርጭቆ ወረቀት
ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ሌሊት በሌሊት።

«ስልሳ ስምንት ናት» አልኩት፤ «እዚሁ የተሠራች፣
ፖንቲያክ ተወልዳ ፖንቲያክ የተባለች።
ፋብሪካው ፈረሰ። እሷ ግን አለች።
እኔም እዚያው ነበርኩ፣ በር ገጣሚ፤ ሥራ
በሰዓት ስልሳ በር ነበር በቆጠራ።
የዚችን በር እኔ ልግጠመው ሌላ፣
ማን ያውቃል?»

ሰውየው ከፊት ዞሮ አፍንጫዋን ነካ።
«ይሄ ብረት አይደል፤ ጎማ ነው ለካ!»
«ጎማ ነው» አልኩት፤ «ብትመታው በመዶሻ
ገባ ብሎ ይወጣል፤ አይፈልግ ማደሻ።»

ሞተሩን ቀሰቀስሁ። በየጣሳው ያለ
ብሎን ሁሉ ነቅቶ መደርደሪያው ላይ ዘለለ።
ጎረቤቴ ዊልማ መጋረጃ ገለጠች፤
አርባ ዓመት በዚህ ድምፅ ስትረግመን የኖረች
ዛሬ እጇን አወዛወዘች።

«ለምን ትሸጣታለህ?» ሲለኝ ዘወር ብሎ፣
«ግራ ጉልበቴ ነው፤ ፍሪሲዮን እምቢ ብሎ።»

ከዚያ ከኪሱ ውስጥ ማግኔት አወጣ፣
ከፍሪጅ ላይ የተነቀለች፣ ዓሣ መሳይ ዕቃ።
ሞኝ አይደለም፤ ያውቃል። በጨርቅ ጠቅልሎ
በሮቿን ዳሰሰ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ።
ጠብ፣ ጠብ፣ እያለ ይጣበቅ ነበረ፤
ከግራ ከኋላ፣ ከጎማው ከፍ ሲል፣ መያዙ ቀረ።
ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተንከባለለ ዓሣው።
«ስቱኮ ነው» አለኝ። «ነው» አልኩት። አነሣው።
ደግሞ ለጠፈ። ደግሞ ወደቀ።
ዓይኑ ዋጋ ቆርጦ ፊቴን ጠየቀ።

ሁሉን ነግሬዋለሁ፤ የቀየርሁትን ወለል፣
የተበየደውን ሻንሲ፣ ካርቡራተር፣ አክስል፣
ሦስተኛ ማርሿ በብርድ ሲያስቸግር፣
የማርሚታዋን ዝገት፣ ሁሉን በዝርዝር፣
ደረሰኙን በአቃፊ፣ በየዓመቱ ልክ።
መዳፍ ለምታህል ቦታ ግን አላወጣሁም ታሪክ።

ሰባ ስድስት፣ መጋቢት፣ በረዶ ሲቀልጥ፣
ሉዌላ፣ ነፍሷን ይማር፣ መሪው ላይ ስትቀመጥ፣
«ፍሪሲዮን!» ብዬ ስጮህባት ደንግጣ
ወደ ኋላ ተወንጭፋ የፖስታ ሣጥናችን ከነግንዱ ወጣ።
ወርዳ አየችው። ዝም አለች። ሳቋ ግን አመለጣት፤
በካፖርቷ እጅጌ እንባዋን እስኪያስጠርጋት።
«አሁን የኔም ናት» አለች፤ «ይኸው ፈረምኩባት።»

ኋላ ጊዜ ሳድሳት፣ ሌላውን ስለውጥ፣
ለዚያም ላሜራ ገዝቼ፣ መስመር አስምሬ፣ ልቆርጥ
መጋዙን አስነሣሁ።
አጠፋሁት። ስቱኮ በጠብጬ መጣሁ።

«ሁለት ሺህ ቀንስ» አለ።
ልከራከር እችል ነበር። «ይሁን» አልኩ፤ አለቀ።

ሊብሬው ላይ ያለው ስም የኔ ብቻ ነበር።
ፈረምኩ። እጄ ደህና ነው፤ ጉልበቴ ነው የሚያስቸግር።

ተጎታቹ ላይ ወጥታ በሰንሰለት ስትታሰር
ያን አዲስ ላሜራ፣ ከግድግዳው ተደግፎ አቧራ የለበሰ፣
አምጥቼ ጫንኩለት። ፊቱ ተለወሰ።
«በነጻ?»
 «በነጻ።»
 «ታዲያ ለምን አልገጠምከውም? ቀላል ነው ለአንተ ሰው።»
«ጊዜ አጣሁ» አልኩት፣ እኔ፣ አሥራ አንድ ዓመት ጋራዥ የዋልሁ ሰው።

ሄዱ። ዊልማ መጋረጃዋን መለሰች።
ወለሉ ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ ቀረች፣
ከጎኗም ዓሣው፣ ረስቶት የሄደው።
ጎንበስ ልል ሞከርኩ፤
ጉልበቴ እምቢ አለ። እዚያው ተውኩት፤ ተኛ፣ አልኩት፣ እንግዲህ ምን ልርዳው።